የኪዮቶ እሳት፣ የቀጨኔ ጭስ

ጃፓኖች «ራኩ» የሚሉትን የሸክላ አተኳኮስ ልማር ሄጄ፣ ቤቴ አጠገብ ሳልጠይቀው የቀረሁትን ጥያቄ ይዤ ተመለስኩ።

ባለፈው ኅዳር ለሥራ ሥልጠና ሦስት ሳምንት ኮቤ ነበርኩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍል ውስጥ ነን፤ ቅዳሜና እሑድ የራሳችን ነው። አብረውኝ የሄዱት ሠልጣኞች ቅዳሜን ለገበያ አዋሉት። እኔም እንደነሱ ላደርግ አስቤ ነበር። ያረፍንበት ሕንፃ መግቢያ ላይ የተለጠፈች አንዲት ወረቀት ናት ሐሳቤን ያስቀየረችኝ።

ወረቀቷ ላይ የአንድ ጥቁር የሻይ ስኒ ፎቶ ነበር። ጆሮ የለውም፤ ወፈር ያለ ነው፤ አፉ ትንሽ ተንጋዷል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ፣ በሁለት ቅዳሜ የራስን ስኒ ሠርቶ ራስ መተኮስ እንደሚቻል ይናገራል። ፎቶውን ሳይ የታየኝ ጃፓን አልነበረም። ቀጨኔ ነው የታየኝ። አያቴ ጥቁር ድስት ከጭስ ውስጥ አውጥታ በጨርቅ ስትወለውለው።

አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር በአደባባይ ለመጻፍ ዕድሜዬ አርባን እስኪያልፍ ፈጅቶብኛል።

ከጣሪያ ጌጥ ወደ ሻይ ስኒ

ከኮቤ ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር ሃምሳ ደቂቃ ያህል ነው። ትምህርቱ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ጠዋት ለራኩ ሙዚየም ሰጠሁት። ከኪዮቶ ጣቢያ የምድር ውስጥ ባቡር ይዛችሁ ኢማዴጋዋ ላይ ትወርዳላችሁ። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ነው። አቡራኖኮጂ የምትባለው ጠባብ መንገድ ዝምታ የሰፈነባት፣ የእንጨት ቤቶች የተደረደሩባት ናት። ሙዚየሙ ትንሽ ነው፤ አጠገቡ የቤተሰቡ መኖሪያና የሥራ ቦታ አለ። መሄድ የምታስቡ ሰኞ ዝግ መሆኑን አትርሱ፤ በአንዱና በሌላው ዐውደ ርእይ መካከልም ስለሚዘጋ አስቀድሞ ማጣራት ይሻላል።

ራኩ የሸክላ ዓይነት ብቻ ሳይሆን የቤተሰብም ስም ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ቾጂሮ ከሚባል ሰው ነው። ቾጂሮ መነሻው የጣሪያ ሸክላ ሥራ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1574 የሠራው ባለ ሁለት ቀለም የሸክላ አንበሳ ዛሬም በቤተሰቡ ሙዚየም ይገኛል። ስኒ ሠሪ ያደረገው ደግሞ ሴን ኖ ሪክዩ የተባለው የሻይ ሥርዓት ሊቅ ነው። በዘመኑ ትልልቆቹ ሰዎች ከቻይና የመጣ የተዋበ ዕቃ ነበር የሚያከብሩት። ሪክዩ ከዚያ ዞር ብሎ፣ በእጅ የተበጀ፣ ሥዕልም ጌጥም የሌለው ጥቁርና ቀይ ስኒ ቾጂሮን አሠራው። በዚያች ጠባብ የሻይ ክፍል ውስጥ ጦረኛውም ነጋዴውም ዝቅ ብሎ ገብቶ፣ ያንን ስኒ በሁለት እጁ ይዞ ይጠጣ ጀመር።

«ራኩ» ማለት ደስታ፣ ምቾት እንደማለት ነው። ቃሉ የአገሪቱ ገዥ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ኪዮቶ ውስጥ ካሠራው ጁራኩዳይ ከሚባል ቤተ መንግሥት ስም ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ቃል የተቀረጸበትን ማኅተም ለቤተሰቡ የሰጠው ሂዴዮሺ ነው ተብሎ ይተረካል። ቾጂሮ እ.ኤ.አ. በ1589 ሞተ። ሪክዩም ከሁለት ዓመት በኋላ በራሱ በሂዴዮሺ ትእዛዝ ሕይወቱን አጠፋ። ሸክላው ግን ቀጠለ። ሙዚየሙን እ.ኤ.አ. በ1978 ያቋቋሙት የቤቱ 14ኛ ትውልድ ናቸው። ዛሬ ስሙን የያዙት ደግሞ 16ኛው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው የተረከቡት።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ የአፈሩ ነገር ነው። በዚህ ቤት አንዱ ትውልድ ጥሩ አፈር ሲያገኝ ለራሱ ብቻ አይጠቀምበትም። ለልጅ ልጆቹ ያስቀምጥላቸዋል። ቅድመ አያት ያከማቸውን አፈር የልጅ ልጅ ልጅ ያበጀዋል። አንዷ ጥቁር ስኒ ፊት ቆሜ ስለዚህ ሳስብ፣ ከስኒዋ ጎን ላይ አንዲት ጭረት የመሰለች ምልክት አየሁ። የጉጠት ምልክት ናት፤ ስኒው ፍም ሆኖ ከእሳት ሲወጣ የያዘው ብረት ያሳረፈባት። አልሸፈኗትም። ሰው ተጠግቶ የሚያያት እሷን ነው።

ተነስቼ ዞርኩት

ትምህርቱ ከከተማው ሰሜን፣ ተራራው ሥር ባለ ግቢ ውስጥ ነው። መሐል ከተማ ውስጥ በእንጨት የሚነዱት የድሮ እቶኖች በጭሳቸው ምክንያት ከቆሙ ቆይተዋል። ጭስ ያለበት ሥራ የሚሠራ ሰው ወደ ዳር ወጥቷል። መምህራችን ወደ ሰባው የተጠጉ፣ አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ሁሉም «ሰንሰይ» ይላቸዋል፤ መምህር እንደማለት ነው። ስድስት ተማሪዎች ነበርን፤ ሁለት ልጆቿን ይዛ የመጣች እናትም ነበረች።

ለእያንዳንዳችን ጭቃ ተሰጠን። ሳሸው ሻካራ ነው፤ ውስጡ አሸዋና የተፈጨ ገል አለበት። ሰንሰይ ምክንያቱን ነገሩን። ራኩ ከእሳት በድንገት ስለሚወጣ ልሙጥ ጭቃ ድንጋጤውን አይችልም፤ ይፈነዳል። ገሉ ግን አንዴ እሳት የቀመሰ ስለሆነ ለጭቃው መተንፈሻ ይሆነዋል። ያኔ የሙቀጫ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። አያቴ የተሰበረ ድስት አትጥልም ነበር። ወቅጣ፣ ነፍታ፣ ከአዲሱ አፈር ጋር ትለውሰው ነበር።

መንኮራኩር አልነበረም። የራኩ ስኒ በእጅ ነው የሚበጀው። ጭቃውን እንደ ትንሽ ቂጣ ትጠፈጥፉታላችሁ፤ ከዚያ ጠርዙን በሁለት መዳፍ እያቀፋችሁ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ታቆሙታላችሁ። ሲጠነክር ውስጡንና ውጭውን በመፋቂያ ታሳሱታላችሁ። ጭቃው የተቀመጠው በትንሽ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ሌሎቹ ሰሌዳውን እያዞሩ ይሠራሉ።

እኔ ሳላስበው ተነስቼ ቆሜያለሁ። ሰሌዳውን ከማዞር ይልቅ፣ ወገቤን ጎንበስ አድርጌ እኔው ጠረጴዛውን እየዞርኩ ነው የምሠራው። ያስተዋሉት ሰንሰይ ናቸው።

«ከዚህ በፊት ሠርተሻል?» አሉኝ በአስተርጓሚዋ በኩል።

«አልሠራሁም። ልጅ ሆኜ ሲሠራ አይቻለሁ።»

«ማን ሲሠራ?»

«የሰፈር ሴቶች» አልኩ።

ውሸት አይደለም ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ከአገሬ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ፣ ቀጨኔ የት እንዳለች በማያውቁ ሰዎች መሐል እንኳ አያቴን «የሰፈር ሴት» አድርጌያት ተቀመጥኩ።

የምሳ ዕቃዬ

የሚያነቡኝ ብዙዎቹ የምለውን ያውቁታል፤ ለማያውቁት ልንገራቸው።

ቀጨኔ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ ከእንጦጦ ሥር፣ በመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለ ሰፈር ነው። ሴቶቹ በሸክላ ሥራ፣ ወንዶቹ በሽመና ይታወቃሉ። የከተማው ቡና የሚፈላበት ጀበና፣ ወጡ የሚንተከተክበት ድስት ብዙው ከእነዚህ ሴቶች እጅ የወጣ ነው። ለዚህ ውለታቸው የተከፈላቸው ግን ስድብ ነበር። «ቡዳ» ይባላሉ። ልጃቸውን ማግባት፣ ከእነሱ ቤት መብላት ይፈራ ነበር። ጀበናውን ገዝተን ቤታችን እንወስዳለን፤ ጀበናውን ከሠራችው ሴት ጋር ግን ቡና አንጠጣም። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፎታል። እኔ አራተኛ ክፍል ስገባ ግን ስድቡ አልቆመም ነበር።

ክፍላችን ውስጥ አራት ሆነን ምሳ አብረን እንበላ ነበር። የአንዷን ሽሮ ከሌላዋ ምስር ጋር፣ እንቁላል ያመጣች ቀን ደግሞ ለአራት ተካፍለን። አንድ ቀን አያቴ ለአስተማሪያችን ስጦታ ይዛ መጣች። ማቶቱ ራሱ የሚያምር ጥቁር ጀበና ነበር። አስተማሪዋ አመስግና ተቀበለች። በማግስቱ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሦስቱ ጓደኞቼ ወንበራቸውን አዙረው ጠበቁኝ። አልሰደቡኝም፤ ምንም አላሉኝም። የምሳ ዕቃዬ ውስጥ ግን የማንም እጅ አልገባም።

በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ቤት ቀየርኩ። አዲሶቹ ጓደኞቼ አያቴ ምን እንደምትሠራ ሲጠይቁኝ «በርበሬ ትነግዳለች» አልኳቸው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ከሞተች በኋላም፣ አያቴ በርበሬ ነጋዴ ነበረች።

የእሳቱ ቀን

ሁለተኛው ቅዳሜ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። በመሐሉ ሰንሰይ ስኒዎቻችንን አድርቀው፣ አንድ ጊዜ ቀለል ባለ እሳት አብስለው ጠብቀውናል። እያንዳንዳችን ሁለት ስኒ ነበረን። አንዱ በጃፓኖቹ ወግ ጥቁር ሊሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በጭስ ሊተኮስ ነው።

ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስለሆነ ሰንሰይ በደንብ አስረዱን። በኪዮቶው ጥንታዊ ራኩ ጥቁሩ ቀለም ከጭስ አይመጣም። ከካሞ ወንዝ ድንጋይ ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ልባስ አለ። ስኒው ይህን ተቀብቶ በከሰልና በወናፍ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ እሳት ይበስላል። ልባሱ ሲቀልጥ ስኒው አንድ በአንድ በጉጠት ይወጣና አየር ላይ ይቀዘቅዛል። ጥቁር የሚያደርገው ይህ ድንገተኛ መቀዝቀዝ ነው።

የጭሱ ራኩ ግን የአሜሪካ ልጅ ነው። በርናርድ ሊች የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1911 ቶኪዮ ውስጥ በአንድ ግብዣ ላይ ራኩ ሲተኮስ አይቶ በዚያው ሸክላ ሠሪ ሆኖ ቀረ። በ1940 ስለ ሸክላ ሥራ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥም ጻፈው። ያንን መጽሐፍ መሠረት አድርጎ ፖል ሶልድነር የተባለ አሜሪካዊ በ1960 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞከረው። ውጤቱ ስላላረካው ፍም የሆነውን ዕቃ በዛፍ ቅጠል ውስጥ አንከባለለው። ቅጠሉ ነደደ፤ ጭሱም ዕቃው ላይ መልክ ሠራ። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ «ራኩ» ሲባል የሚታወቀው ይህኛው ነው።

ሰንሰይ ይህን ሲናገሩ ሌሎቹ ማስታወሻ ይይዛሉ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ቅጠል?

ወደ እሳቱ ከመሄዳችን በፊት ልብሳችን ተፈተሸ። ናይለን የለበሰ ይቀይራል፤ ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ ልብስ፣ የተሸፈነ ጫማ፣ የታሰረ ፀጉር፣ እስከ ክርን የሚደርስ የቆዳ ጓንት፣ የፊት መከላከያ፣ የጭስ ጭንብል። ለልጆቹ መሬት ላይ መስመር ተሠመረላቸው፤ ከዚያ ወዲህ መምጣት የለም። እቶኑ ከበርሜል ብዙም የማይበልጥ፣ በጋዝ የሚሠራ ነው። አንድ ሰዓት ገደማ ሲቆይ፣ በቀዳዳው አጮልቀን ስናይ ስኒዎቹ ብርቱካንማ ፍም ሆነዋል። ልባሱ ማር የተቀባ ይመስላል። 1000 ዲግሪ ገደማ ደርሷል ማለት ነው።

ጥቁሮቹን ቀደም ሲል በሌላኛው እቶን ሰንሰይ ራሳቸው አውጥተዋቸዋል። ጭሶቹን ግን እያንዳንዳችን ነበርን የምናወጣው። ተራዬ ሲደርስ ጉጠቱን ስቀበል እጄ ተንቀጠቀጠ። ረዥም ነው፤ ከሚመስለው በላይ ይከብዳል። ሙቀቱ በጓንቱ ውስጥ ይሰማል። ስኒዬን በአፉ ያዝኩት፣ አነሳሁት፣ ሦስት እርምጃ ሄድኩና ሰጋቱራ ያለበት የቆርቆሮ በርሜል ውስጥ አስቀመጥኩት። ነበልባሉ ቦግ አለ። የሰንሰይ ረዳት አንድ እፍኝ ሰጋቱራ ጨምሮ ክዳኑን ገጥሞ ዘጋው።

ከክዳኑ ሥር ወፍራም ቢጫ ጭስ መውጣት ጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በርሜሉ ሲዘጋ እሳቱ አየር ያጣል። አየር ሲያጣ ኦክስጅኑን ከልባሱና ከጭቃው ውስጥ ይስባል። መዳብ ያለበት ልባስ ከሆነ ወደ ቀይ መዳብነት ይመለሳል። ልባስ ያልነካው ጭቃ ጥቀርሻውን ጠጥቶ እንደ ከሰል ይጠቁራል። ነጭ የተቀባ ከሆነ ደግሞ ልባሱ በድንገት ቀዝቅዞ ይሰነጣጠቅና ጭሱ በስንጥቆቹ ገብቶ የሸረሪት ድር የመሰለ ጥቁር መስመር ይጽፍበታል። ጆሮ ሰጥታችሁ ካዳመጣችሁ፣ ሲሰነጠቅ እንደ ቀጭን ክር እየተበጠሰ «ጢን፣ ጢን» ይላል።

ጭሱ ወደ እኔ ሲዞር ጭንብሌን አልፎ ሽታው ደረሰኝ። አዲስ አበባ ኅዳር ሲታጠን የሚሸተው ዓይነት ነበር። ሽታው የእምዬ ቀሚስ ነው። እኛ የልጅ ልጆቿ «እምዬ» ነበር የምንላት። ሁልጊዜ ጭስ ጭስ ትሸት ነበር፤ አዲሱ ትምህርት ቤት ከገባሁ ወዲህ ስታቅፈኝ ልብሴን እንዳይነካኝ ፈቀቅ እል ነበር።

በዚያች ሰዓት የእናትየዋ ስኒ አየር ላይ እያለ ለሁለት ተሰነጠቀ። ልጆቿ ጮኹ። ሰንሰይ ምንም አልመሰላቸውም። ስብርባሪውን ከቀዘቀዘ በኋላ ሰብስበው ጥግ ካለው ክምር ላይ ጨመሩት። «ተፈጭቶ ወደ ጭቃው ይመለሳል» አሉ።

ያኔ ነው ያልኩት። «አያቴም እንደዚህ ነበር የምታደርገው። ያን ዕለት የሰፈር ሴቶች ያልኳት አያቴ ናት። ሸክላ ሠሪ ነበረች። እሷም ከእሳት አውጥታ በጭስ ታጠቁር ነበር።»

አስተርጓሚዋ ተረጎመችላቸው። ትልቅ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ፊታቸውን አያለሁ። እሳቸው ግን ጓንታቸውን አውልቀው፣ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና እንደ ሥራ ባልደረባ ይጠይቁኝ ጀመር። የምታጨሰው በቅጠል ነው በኩበት? የምን ዛፍ ቅጠል? ለስንት ጊዜ ይከደናል? ከመተኮሱ በፊት በድንጋይ ይታሻል? ሲታሽ ምን ያህል የደረቀ ነው? ውሃ እንዳያስገባ ምን ትቀባዋለች?

አንዱንም አላውቅም ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የደበቅሁትን ነገር ሳወጣው ለካ ውስጡ ባዶ ነው። የደበቅሁት ስሟን ብቻ መስሎኝ ነበር። እውቀቷንም አብሬ ቀብሬዋለሁ።

«አልጠየቅኋትም» አልኩ።

ሰንሰይ ትንሽ ዝም አሉ። «የሚያውቅ ሰው አለ?» አሉኝ።

«አክስቴ አለች።»

«እንግዲያው ጠይቂልኝና ጻፊልኝ።»

እትዬ ምን አለች?

በተመለስኩ በሁለተኛው እሑድ፣ ስኒዬን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቀጨኔ ሄድኩ። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ «እትዬ» ነው የምላት። ከእምዬ በኋላ ቤቱንም ሥራውንም የያዘችው እሷ ናት። ጉልበቷ ቢያስቸግራትም አሁንም ትሠራለች።

ስኒውን ስሰጣት አላደነቀችም። በግራ እጇ አንጠልጥላ በቀኝ ጣቷ ጥፍር መታ አደረገችው። አሁንም መታ አድርጋ ጆሮዋን አስጠጋች።

«አልበሰለም» አለች።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ውሃ ጠብ አደረገችበት፤ ተመጠጠ። «ይኸው። ውሃ የማይዝ ዕቃ ምን ያደርግልሻል?»

እውነቷን ነው። የጭሱ ራኩ በፍጥነት ተተኩሶ በፍጥነት ስለሚወጣ ጭቃው ሙሉ በሙሉ አይጠብቅም፤ ያሳልፋል። ልባሱ ውስጥ ያለው ማዕድንም አለ። ስለዚህ ሰንሰይ ራሳቸው ለጌጥ እንጂ ለምግብና ለመጠጥ እንዳንጠቀምበት አስጠንቅቀውናል። እትዬ ይህን ማንም ሳይነግራት በጥፍሯ አወቀችው።

ከዚያ የሰንሰይን ጥያቄዎች አንድ በአንድ አነበብኩላት። መጀመሪያ ጥርጣሬ ገባት፤ «ማን ነው ይሄን የሚጠይቅሽ?» አለች። ሸክላ ሠሪ መሆናቸውን፣ ዕድሜያቸው እንደሷ መሆኑን ስነግራት ለሰስ አለች። መልሶቿን በደብተር ጻፍኩ። የሚታሸው ሳይደርቅ ሳይረጥብ ነው፤ ጣት ሲጫኑት የማይሰምጥ፣ ግን ገና የሚቀዘቅዝ ሲሆን። የሚጠቆረው ከእሳት እንደወጣ በደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠልና በጭድ ተዳፍኖ ነው። ኩበቱ ለመተኮሻው ነው እንጂ ለማጥቆሪያው አይደለም። ለስንት ጊዜ?

«ቡና እስኪፈላ» አለች።

«የመጀመሪያው ወይስ ሦስተኛው?»

«አቦል። በረካ ድረስ ካቆየሽው ከሰል ነው የሚሆነው» ብላ ሳቀች።

ጃፓን ስለዚያ ቤተሰብ፣ ለልጅ ልጅ ስለሚቀመጠው አፈር፣ የአንዱ ስኒ ዋጋ የመኪና ዋጋ ሊሆን እንደሚችል ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች።

«የሚከፍሉት ለስኒው ነው ለሠሪው?»

«ለሁለቱም ይመስለኛል።»

«እኛን ለጀበናው ብቻ ነው የሚከፍሉን» አለች።

ዛሬ ብዙ ነገር እንደተለወጠ አውቃለሁ። ሬስቶራንቶች ጥቁሩን ድስት በኩራት ያቀርባሉ፤ ቀጨኔ ድረስ ሄደው የሚገዙም አሉ። ይሁንና የእትዬ ሁለት ሴት ልጆች፣ አንዷ ባንክ አንዷ ሆስፒታል ነው የሚሠሩት። እንዲተዉት የለመነቻቸው እሷ ናት። «ትምህርታቸውን ጠልቼ አይደለም፤ እጃቸውን አይቶ ማንም እንዳይሸሻቸው ብዬ ነው» አለችኝ። ይህን ስትል ከትንሽ ቅርጫት ውስጥ የማሻ ድንጋዮቿን እያወጣች ታሳየኝ ነበር። አምስት ናቸው፤ እንደ እንቁላል ለስልሰዋል። ሦስቱ የእምዬ ናቸው። አንዷ የእምዬ እናት ናት። ኪዮቶ አፈር ያወርሳሉ፤ እኛ ቤት ድንጋይ ይወርሳል። እኔ ግን እስከዚያ ቀን ድንጋዮቹን አንድም ጊዜ በእጄ ይዤ አላውቅም።

ለሰንሰይ አራት ገጽ ጻፍኩላቸው። የእትዬን እጆች ፎቶም አያያዝኩበት፤ ፈቅዳልኛለች። «አቦል» የሚለውን ለማስረዳት ብቻ ግማሽ ገጽ ወሰደብኝ። አሁን ሁለት ሁለት ሳምንት እየቆየሁ እሑድ እሄዳለሁ። ትልቋ ልጄም አንድ ጊዜ አብራኝ መጥታ ነበር። ጎንበስ ብላ እየዞረች የሠራችው ገንቦ መሰል ነገር ሲደርቅ ተሰነጠቀ፤ እትዬ ወደ ገሉ ክምር ጣለችውና «ይመለሳል» አለቻት።

ስኒዬን ግን አልመለሰችልኝም። ልወጣ ስል ጋዜጣውን ሳነሳ «ተዪው» አለችኝ። ድንጋዮቿን ከቅርጫቱ አንድ በአንድ አንስታ ውስጡ ደረደረቻቸው።

«ውሃ ባይዝ ድንጋይ ይይዛል» አለች።